አሜሪካ ውስጥ ከመኪና አደጋ በኋላ ሎየር ስለመያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ መኪና ገጭቷቹ ወይ የቤተሰብ ሰው ተጎድቶባቹ "ሎየር እንያዝ ወይስ ይቅርብን" እያላቹ ለምትጨነቁ ነው ይሄን የጻፍኩት። ስራዬ ማስተርጎም ነው፣ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ከጠበቃና ከተጎዳ ሰው መሀል ተቀምጬ ስለምውል ጥያቄዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ ሰው የሚጎዳበትንም ቦታ አውቀዋለሁ፣ ያላነበበውን ወረቀት ሲፈርም ነው። ህጉ ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል፣ ስቴት እየጠራሁ የጻፍኩት ለዛ ነው፣ የናንተ ካልተጠራ እዛው ያለ ጠበቃ ጠይቁ፣ አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ምክር በነፃ ነው የሚሰጡት።

ለትንሽ ግጭትም ሎየር ያስፈልጋል እንዴ?

አያስፈልግም። መኪናው ብቻ ተጭሮ፣ ባምፐር ወይ መብራት ተሰብሮ እናንተ ደህና ከሆናቹ በቀጥታ ከኢንሹራንሱ ጋር ጨርሱት፣ እንደውም ብዙ ሎየር የመኪና ጥገና ብቻ የሆነ ኬዝ አይቀበልም። ሎየር የግድ የሚሆነው አጥንት ሲሰበር፣ ጭንቅላት ሲመታ፣ ኦፕሬሽን ሲታዘዝ፣ ጉዳቱ ከስራ ሲያስቀር፣ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ክርክር ሲነሳ፣ የገጨው ትልቅ የጭነት መኪና ወይ የመንግስት መኪና ሲሆን ነው፣ ሰው ከሞተበት ደግሞ ጥያቄም የለውም።

የሚያስቸግረው መሀል ላይ ያለው ነው። የአንገትና የወገብ ህመም ብዙ ጊዜ በዛው ቀን አይሰማም፣ ሲነጋ ነው ከአልጋ አላስነሳ የሚለው፣ ስለዚ ቀላል ቢመስልም ሀኪም ሳያያቹ ከማንም ኢንሹራንስ ጋር ጨርሰናል እንዳትሉ።

አደጋው ቦታ ላይ እያለሁ ምን ላድርግ?

911 ደውሉ፣ ፖሊስ ይምጣ፣ የሪፖርቱን ቁጥር ተቀበሉ። የኛ ሰው ፖሊሱ "ተጎድተሃል ወይ?" ሲለው ከድንጋጤም ከልማድም "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላል፣ ያቺ ቃል "አልተጎዳም" ተብላ ሪፖርቱ ላይ ትገባና ከወራት በኋላ የኢንሹራንሱ ጠበቃ ወረቀቱን አውጥቶ ያነብላቹሃል፣ ያንን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስተርጉሜዋለሁ፣ ሰውየው ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲጠፋው ማየት ያማል። "ገና አላወቅኩም፣ ሀኪም ይየኝ" በሉ፣ እውነቱም እሱ ነው።

ፎቶ አንሱ፣ ሁለቱንም መኪና ከነታርጋው፣ መንገዱን፣ መብራቱን፣ የሰውየውን ላይሰንስና የኢንሹራንስ ካርድ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ያኔውኑ ተቀበሉት፣ ምስክር ፖሊስ እስኪመጣ አይጠብቅም። ዳሽካም (መኪና ውስጥ ሆኖ መንገዱን የሚቀዳ ካሜራ) ያላቹ ሹፌሮች ደግሞ ሜሞሪ ካርዱን እዛው አውጡት፣ አዲሱ ቪዲዮ በአሮጌው ላይ ስለሚቀዳ ትንሽ ቀን ከነዳቹበት አደጋው ተሰረዘ ማለት ነው። የሱቅና የነዳጅ ማደያ ካሜራም እንደዛው ነው፣ ሎየር ቶሎ መያዝ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች ዋናው ይሄ ይመስለኛል፣ "ቪዲዮውን እንዳታጠፉት" የሚል ደብዳቤ ወዲያው ይልካል፣ እናንተ በስልክ ብትጠይቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማቹ የለም።

የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ እየደወለ ነው፣ ላናግረው?

ስማቹን፣ አድራሻቹን፣ መኪናው የት እንደቆመ ንገሩት፣ ከዛ በላይ ግዴታ የለባቹም። አድጀስተሩ (ኬዙን የያዘው የኢንሹራንሱ ሰራተኛ) በጣም ትሁት ሆኖ "እንዴት አደሩ፣ ተሻሎት?" ብሎ ይጀምርና ድምጽዎን ልቅዳ ይላል፣ እምቢ ማለት ትችላላቹ፣ የሱ ስራ ለኩባንያው ገንዘብ ማዳን ነው። የራሳቹ ኢንሹራንስ ግን ሌላ ነው፣ አደጋውን ቶሎ የማሳወቅና የመተባበር ግዴታ ውላቹ ላይ አለ፣ እሱን ዝም ብትሉት ሽፋናቹን ልታጡ ትችላላቹ።

ሁለት ወረቀት ተጠንቀቁ። አንደኛው የህክምና ፋይላቹን በሙሉ እንዲያዩ የሚፈቅድ ነው፣ ከአስር አመት በፊት ወገቤን አሞኛል ያላቹት ሁሉ ተፈልጎ ይወጣል። ሁለተኛው ከቼክ ጋር የሚመጣው ሪሊዝ የሚባለው ነው፣ እሱን ፈርማቹ ብሩን ከወሰዳቹ በኋላ ዲስክ ተንሸራቷል፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል ቢባል እንኳን ኬዙ ተዘግቷል። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሺ፣ ሁለት ሺ ዶላር ይዘው የሚመጡት ለዚ ነው፣ ሰው ከስራ ቀርቶ ሬንት ሲጨንቀው ያቺ ብር ትልቅ ትመስላለች። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይም ሰርግ ላይ ስትጨፍሩ የሚያሳይ ነገር አትለጥፉ፣ ያዩታል።

ሎየር ስንት ያስከፍላል? በእጄ ምንም የለኝም።

የጉዳት ሎየር ቀድሞ አይቀበልም፣ ኮንቲንጀንሲ ይባላል፣ ካስገኘላቹ ፐርሰንት ይወስዳል፣ ካላስገኘ የድካም ዋጋ የለውም። የተለመደው ክስ ሳይመሰረት ካለቀ ሲሶው፣ ማለትም 33 ፐርሰንት ከትንሽ ነገር፣ ፍርድ ቤት ከገባ ደግሞ ወደ 40 ፐርሰንት ነው። በድርድር የሚቀነስ ነገር ነው፣ በተለይ ጥፋቱ ግልጽ ሆኖ ጉዳቱ ትልቅ ከሆነ መጠየቅ ነውር የለውም፣ የኛ ሰው ግን ዋጋ የተለጠፈበት እቃ ይመስለዋል።

ዋናው ነገር ግን ፐርሰንቱ ብቻ አይደለም፣ ወጪው ነው። የህክምና ሪከርድ ማስወጫ፣ የፍርድ ቤት ማስገቢያ፣ ዲፖዚሽን (ከችሎት ውጪ በቃለመሀላ የሚሰጥ ቃል) የሚጽፈው ሰው፣ የሚመሰክረው ዶክተር፣ ይሄን ሁሉ ሎየሩ እየከፈለ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይቀንሰዋል። አሁን በቁጥር እንየው፣ ኬዙ በ30,000 ዶላር ሴትል ሆነ፣ ማለትም በስምምነት አለቀ፣ ወጪ 3,000፣ የሀኪም ቤት እዳ ተደራድረው 8,000 ላይ ቆመ እንበል። ሲሶው ከ30,000 ከተሰላ ሎየሩ 10,000 ይወስዳል፣ ወጪና እዳ ሲወጣ እናንተ እጅ 9,000 ይገባል። ወጪው መጀመሪያ ወጥቶ ሲሶው ከ27,000 ከተሰላ ግን ሎየሩ 9,000 ነው፣ እናንተ 10,000። አንድ ሺ ዶላር በአንዲት አረፍተ ነገር! በአብዛኛው ስቴት የጠበቆች ስነምግባር ደንብ ውሉ በጽሁፍ ሆኖ እንዲፈረም፣ ወጪው ከፐርሰንቱ በፊት ይቀነስ ወይስ በኋላ የሚለውም በግልጽ እንዲጻፍበት ያዛል፣ ስለዚ "የቱ ጋ ነው የተጻፈው?" ብላቹ በጣታቹ እስኪያሳዩአቹ ጠብቁ። ኬዙ ቢሸነፍ ያንን 3,000 ማን ይከፍላል የሚለውንም አብራቹ ጠይቁ፣ አንዳንዱ ቢሮ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ከናንተ ይጠይቃል።

የማላውቀው ሰው ደውሎ "ሎየር አለልህ" አለኝ፣ ይሰራል?

ስልኩን ዝጉት። ጠበቃም ሆነ የላከው ሰው ሳትጠሩት በአካል ወይ በስልክ መጥቶ ኬዝህን ስጠኝ ማለት በአብዛኛው ስቴት ክልክል ነው፣ ቴክሳስን የመሰለ ስቴት ውስጥ በወንጀል ያስጠይቃል። ሀኪም ቤት ድረስ የሚመጣው፣ መኪና ለመጎተት መጥቶ ካርድ የሚያስይዘው የቶው ትራክ ሹፌር፣ "እኔ ጋ ያለው ካይሮፕራክተርና (ወገብና አንገት የሚያሽ ባለሙያ) ሎየር አንድ ላይ ናቸው" የሚለው ሰው፣ እነዚ ባመጡት ሰው ቁጥር የሚከፈላቸው ናቸው። የራሳችን ወገንም አለበት፣ በአማርኛ ስላናገረን ብቻ እናምነዋለን። ወዳጅ የተጠቀመበትን ሎየር ቢነግራቹ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ደህና ምክር ነው፣ ለወዳጃቹ ግን ኮሚሽን እየተከፈለው ከሆነ ምክር መሆኑ ቀርቷል።

ታድያ ጥሩውን እንዴት ልለይ?

መጀመሪያ ስሙን የስቴቱ ባር (የጠበቆች ማህበር) ወይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዌብሳይት ላይ ፈልጉት፣ ላይሰንሱ ያለ መሆኑንና ተቀጥቶ እንደሆነ ብዙ ጊዜ እዛው ይታያል፣ በነፃ ነው። ከዛ ሁለት ሶስቱን አናግሩ፣ አንዱን ብቻ አይታቹ አትፈርሙ፣ ነገ ካልፈረማቹ ያመልጣቹሃል የሚላቹን ደግሞ ተዉት።

ሳናግረው ምን ልጠይቅ ካላቹ፣ ኬዜን አንተ ነህ የምትይዘው ወይስ ሌላ ሰው፣ ስደውል ማን ነው የሚያነሳው፣ ኢንሹራንሱ እምቢ ቢል ፍርድ ቤት ትገባለህ ወይስ ለሌላ ቢሮ ታስተላልፈዋለህ፣ እንደኔ አይነት ጉዳት ይዘህ ታውቃለህ ወይ። የፍርድ ቤቷን ጥያቄ መልስ በደንብ ስሙት። ፍርድ ቤት የማይገባ ሎየር መሆኑን ኢንሹራንሶቹ ያውቃሉ፣ የሚያቀርቡለትም ዋጋ እንደዛው ነው። በቢልቦርድና በቲቪ ስለታየ ጥሩ ነው ማለትም መጥፎ ነው ማለትም አይደለም፣ ግን ትልልቆቹ ቢሮዎች ብዙ ፋይል ስለሚይዙ ከጠበቃው ጋር ሳትገናኙ ኬዛቹ ሊያልቅ ይችላል፣ እሱን አውቃቹ ግቡበት። ገና ፋይሉን ሳያይ "ይሄ መቶ ሺ ያወጣል" የሚል ሎየር እኔን ቢሆን ያስፈራኛል።

ትንሽ ጥፋት እኔም ጋ ካለ?

እዚ ላይ ስቴቱ ሁሉንም ነገር ይቀይረዋል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ኖርዝ ካሮላይናና አላባማ ውስጥ የድሮው ህግ ነው ያለው፣ ትንሽም ብትሆን ጥፋቱ ላይ እጃቹ ካለበት ምንም ላታገኙ ትችላላቹ። ዲሲ በ2016 ባወጣው ህግ እግረኛንና ባይስክል ነጂን ከዚ አውጥቷቸዋል፣ ጥፋታቸው ከሌላው ወገን ካልበለጠ ያገኛሉ፣ መኪና ለሚነዳ ግን አሮጌው ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ በጥፋታቹ ልክ ይቀነሳል እንጂ አይቀርም። ጆርጂያና ኮሎራዶ ጥፋታቹ 50 ፐርሰንት ከደረሰ ዜሮ፣ ቴክሳስና ሚኒሶታ ከ50 ካለፈ ዜሮ። የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሰዎች፣ "እኔም ትንሽ ፈጥኜ ነበር መሰለኝ" የምትል ቃል ለአድጀስተር ብትነግሩ ኬዛቹን በአፋቹ ገደላቹት፣ አትዋሹ፣ ግን ሎየር ሳታናግሩ አትናገሩ።

ጊዜ ገደቡ ስንት ነው?

ለክስ ማለት ነው፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ቨርጂኒያና ጆርጂያ 2 አመት። ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኒውዮርክ 3 አመት። ኮሎራዶ ለመኪና አደጋ 3። ቴነሲ 1 አመት ብቻ። ፍሎሪዳ 4 አመት ነበር፣ ከመጋቢት 2023 ወዲህ ለደረሰ አደጋ ወደ 2 ወርዷል፣ የድሮውን ሰምታቹ እንዳትዘናጉ።

የመንግስት መኪና ከሆነ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ቆሻሻ ማንሻ፣ የፖሊስ መኪና፣ ማሳወቂያው በጣም ያጥራል፣ ኒውዮርክ 90 ቀን፣ ካሊፎርኒያ 6 ወር፣ ዲሲ 6 ወር፣ ሜሪላንድ 1 አመት። የፖስታ ቤት መኪና የፌደራል ነው፣ ክስ ከመመስረቱ በፊት በ2 አመት ውስጥ ለመስሪያ ቤቱ ኤስኤፍ 95 የሚባል ፎርም ይገባል። ከኢንሹራንስ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ማለት ቀኑን አያቆመውም፣ ሰው ይሄን ነው የሚስተው፣ አድጀስተሩ "እያየነው ነው፣ እያየነው ነው" እያለ ቀኑ ያልፋል፣ ከዛ ስልክ የሚያነሳ የለም።

የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ የለውም ወይ አምልጧል።

የራሳቹን ፖሊሲ አውጥታቹ እዩ፣ አንኢንሹርድ ሞቶሪስት (ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሲገጫቹ የራሳቹ ኢንሹራንስ የሚከፍልበት) የሚል መስመር ካለ በዛ ትጠይቃላቹ። ኢንሹራንስ ቢኖረውም ትንሹን የገዛ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ዲሲና ጆርጂያ ዝቅተኛው ለአንድ ሰው ጉዳት 25,000 ነው፣ ቴክሳስና ሜሪላንድ 30,000፣ ካሊፎርኒያም ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ 30,000 ገብቷል፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በዛው ጊዜ 50,000 አድርጎታል። አንድ ለሊት ሆስፒታል ማደር ይሄን ሊጨርሰው ስለሚችል አንደርኢንሹርድ (የሱ ኢንሹራንስ ሳይበቃ ሲቀር የራሳቹ የሚሞላበት) የሚባለውም ይጠቅማል። መኪና ነድታቹ የምትኖሩ ሰዎች ኢንሹራንስ ስታድሱ ክፍያ ለማሳነስ ብላቹ ይሄን መስመር እንዳታስወጡት፣ በዚ ስራ ያየሁት ትልቁ ቁጭት እሱ ነው።

ኡበር ወይ ሊፍት እየሰራሁ ቢሆንስ?

አፑ ምን ላይ ነበር የሚለው ይወስነዋል። ተሳፋሪ ይዛቹ ወይ ጥሪ ተቀብላቹ ልታነሱ እየሄዳቹ ከሆነ በአብዛኛው ስቴት ኩባንያው ለሌላ ወገን ጉዳት የሚይዘው ሽፋን 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። አፑ ተከፍቶ ጥሪ እየጠበቃቹ ከሆነ ግን በጣም ይወርዳል፣ ብዙ ቦታ ለአንድ ሰው 50,000 ነው። አፑ ከተዘጋ የራሳቹ ኢንሹራንስ ብቻ፣ የራሳቹ ኢንሹራንስ ደግሞ አፑ ተከፍቶ በስራ ላይ እያላቹ የደረሰውን ብዙ ጊዜ አልሸፍንም ይላል፣ ራይድሼር የሚል ተጨማሪ ካልገዛቹ። ስለዚ ከፎቶው ጋር የአፑን ስክሪንሾት አንሱ። ተሳፋሪ ሆናቹ የተጎዳቹም ሪሲቱን አታጥፉት።

ተቀጥራቹ ስትሰሩ፣ ለምሳሌ የኩባንያ መኪና እየነዳቹ ሌላ ሹፌር መጥቶ ከገጫቹ ሁለት መንገድ አለ፣ ወርከርስ ኮምፕ (ስራ ላይ ለተጎዳ ሰው በአሰሪው በኩል ያለ ኢንሹራንስ) ለብቻው፣ የገጨው ሰው ላይ ደግሞ ለብቻው። ወርከርስ ኮምፕ የያዘው ሎየር ሁለተኛውን ሊረሳው ይችላል፣ ጠይቁት።

የሀኪም ቤቱን ቢል እስከዛ ማን ይከፍላል?

ስቴቱ ኖ ፎልት የሚባለው ከሆነ መጀመሪያ የራሳቹ ኢንሹራንስ ነው፣ ጥፋቱ የማንም ቢሆን፣ ኒውዮርክ እስከ 50,000፣ ሚኒሶታ ለህክምና እስከ 20,000፣ ፍሎሪዳ እስከ 10,000፣ ፍሎሪዳ ግን በ14 ቀን ውስጥ ካልታከማቹ ይቀራል። ሌላ ቦታ የጤና ኢንሹራንሳቹን ወይ ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የመንግስት የጤና ሽፋን) አሳዩ፣ ሲያልቅ ከሴትልመንቱ ላይ የከፈሉትን መልሰው ይጠይቃሉ፣ ጥሩ ሎየር ዋጋውን የሚያሳየው እዚ ነው፣ ያንን እዳ ደውሎ ደውሎ ያስቀንሰዋል። ምንም ከሌላቹ ሎየሩ ሲጨረስ ልከፈል የሚል ሀኪም ሊያገኝላቹ ይችላል፣ ያ እዳ ግን የናንተ ነው፣ በየቀጠሮው ስንት እየተጻፈባቹ እንደሆነ እወቁ።

ቀጠሮ አትዝለሉ። ህመሙን ችዬ ስራ ልግባ ብላቹ ሁለት ወር ከቀራቹ ኢንሹራንሱ "ድኖ ነበር" ነው የሚለው።

ወረቀት የለኝም፣ መክሰስ እችላለሁ?

አዎ፣ በአብዛኛው ስቴት ትችላላቹ። ለደረሰባቹ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የኢሚግሬሽን ስታተስ አይጠየቅም፣ ለሎየራቹ ግን እውነቱን ንገሩት፣ የቀረባቹን ደሞዝ ሲያሰላ ይፈልገዋል፣ የነገራቹትም በሚስጥር ይያዛል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻቹ እንዲያስተረጉሙላቹ አታድርጉ፣ የአስራ ሁለት አመት ልጅ "ግራ እጄ ይደነዝዛል" የሚለውን "እጁን ያመዋል" ብሎ ካለፈው ፋይሉ ላይ ነርቭ የሚባል ነገር አይኖርም። ዲፖዚሽን ላይ እንግሊዝኛ ብትሞክሩም በአማርኛ መልሱ፣ ቃለመሀላ ገብታቹ ነው የምትናገሩት፣ ያልገባቹን ጥያቄ "አዎ" ብላቹ አትለፉ፣ ይደገምልኝ ማለት መብታቹ ነው።

ሎየሬ ስልክ አያነሳም፣ መቀየር እችላለሁ?

በማንኛውም ሰአት። መጀመሪያ በኢሜይል ወይ በቴክስት ኬዙ የት እንደደረሰ ጠይቁ፣ በጽሁፍ ይሁን። ከቀየራቹ አሮጌው ለሰራበት ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ያንኑ አንድ ፐርሰንት ነው የሚካፈሉት፣ እናንተ ሁለቴ እንዳትከፍሉ አዲሱ በጽሁፍ ያረጋግጥላቹ። ዝምታ ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ህክምና ሳይጨረስ ኬዝ ሴትል አይደረግም፣ ክስ የገባ ደግሞ አመትና ከዛ በላይ ይሄዳል።

ብር ቸግሮኛል፣ ሎየሩ ያበድረኛል?

በአብዛኛው ስቴት ለኑሮ ማበደር ተከልክሎበታል። በኬዝ ላይ የሚያበድሩ ድርጅቶች አሉ፣ ወለዱ እየተቆለለ ሴትልመንቱን ስለሚበላው የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ከወሰዳቹም ትንሿን ብቻ።

ኦፈር መጣ፣ ማን ነው የሚወስነው? ታክስስ አለው?

እናንተ ናቹ የምትወስኑት፣ ሎየሩ ይመክራል እንጂ ያለናንተ ፈቃድ ሴትል ማድረግ አይችልም። እሺ ከማለታቹ በፊት "ከዚ ላይ እኔ እጅ የሚገባው ስንት ነው?" በሉትና በወረቀት ይስራላቹ። ቼኩ ሎየሩ የደንበኛ ገንዘብ ወደሚያስቀምጥበት ልዩ አካውንት ይገባል፣ ከዛ የሱ ድርሻ፣ ወጪው፣ የሀኪም እዳው አንድ በአንድ የተጻፈበት ዝርዝር ይሰጣቹሃል። ዝርዝሩ ላይ "ልዩ ልዩ" የሚል መስመር ካያቹ ሪሲት ጠይቁ። ለአካል ጉዳት የተከፈለ ካሳ የፌደራል ታክስ የለበትም፣ ወለድና ለቅጣት ተብሎ የተፈረደ ገንዘብ ግን አለበት፣ እና ሜዲኬድ ወይ ኤስኤስአይ (ገቢው ዝቅ ላለ አረጋዊ ወይ አካል ጉዳተኛ መንግስት በየወሩ የሚሰጠው ብር) የምትቀበሉ ከሆነ ብሩ አካውንታቹ ከመግባቱ በፊት ለሎየሩ ንገሩት፣ ከገባ በኋላ ጥቅማጥቅሙ ሊቋረጥ ይችላል።